አንድም ሂት ሳይመታበት የተሸነፈ ፒቸር፦ ነጥቡ በየት በኩል ገባ?

የጨሞጋ ልጅ፣ ደብረ ማርቆስ

እንደምን ሰነበታችሁ የጎጃም ልጆች። የሚያውቅ ይርዳኝ።

የአክስቴ ልጅ የሚኖረው አሜሪካ፣ ሲንሲናቲ ነው። ስንደዋወል እኔ ስለ እግር ኳስ አወራለሁ፣ እሱ ስለ ቤዝቦል። አንዳችን የሌላውን ሳንሰማ ካርድ እንጨርሳለን። ባለፈው ግን አንድ ነገር ጣል አደረገና ጆሮዬ ቆመ። «ቡድናችን ሬድስ በ2022 አንድም ሂት ሳይመታበት 1 ለ 0 ተሸነፈ» አለኝ። ሊያስረዳኝ ሲል መስመሩ ተቋረጠ።

ፒቸሩ ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ይመታል፣ ከዚያ ይሮጣል። እስከዚህ አውቃለሁ። ታዲያ ማንም ሂት ካልመታ ነጥቡ በየት በኩል ገባ? ዓመቱ በፈረንጆች ነው፣ እናንተም በዚያው ጻፉልኝ እንዳይምታታብኝ።

ዘጌ፣ ባሕር ዳር

ይሄ ቀላል ነው። እግር ኳስ ላይ ተጋጣሚህ አንዴ እንኳ ወደ ግብህ ሳይመታ ተከላካይህ የራሱ መረብ ላይ ቢያስቆጥር ትሸነፍ የለ? በቃ እሱ ነው። ቀጣይ ጥያቄ!

የቡሬው መምህር

ዘጌ፣ ቸኮልህ። ያልከው ከመንገዶቹ አንዱን ብቻ ነው የሚነካው። በቤዝቦል ተከላካይ ምንም ሳያጠፋም ይሸነፋል። በላ ልበልሃ።

መቺው ኳሱን መትቶ፣ ከሜዳው ተጫዋቾች ማንም ሳይሳሳት፣ በምቱ ብቻ አንደኛ ቤዝ ከደረሰ ሂት ተመዘገበለት። ነጥብ ሌላ ነገር ነው። ነጥብ የሚቆጠረው አንድ ሰው ሦስቱን ቤዝ ዞሮ መነሻው ላይ ሲገባ ነው። እንዴት ዞረ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሳይመቱ አንደኛ ቤዝ የሚደረስበት መንገድ ሞልቷል። ፒቸሩ ከተፈቀደው ክልል ውጭ አራት ጊዜ ከወረወረ መቺው በእግሩ ረጋ ብሎ ይሄዳል፣ ዎክ ይባላል። ኳሱ ሰውነቱን ከመታውም ይሄዳል። መሬት ለመሬት የተንከባለለ ኳስ ከተከላካይ እጅ ካመለጠ ደግሞ ኤረር ተብሎ ይጻፋል፣ ሰውየው ግን ቤዙ ላይ ቆሟል። ከቆመ በኋላ ፒቸሩ ሊወረውር ሲል ሮጦ ቀጣዩን ቤዝ መስረቅ ይችላል። ከሦስተኛው ቤዝ ለመግባት ደግሞ ሂት አያስፈልግም። ጓደኛው ኳሷን ወደ ሰማይ ይሰቅላታል፣ ትያዛለች፣ መቺው አውት ይሆናል፣ ማለት ከተራው ይወጣል፣ እሱ ግን ከተያዘች በኋላ ሮጦ ይገባል።

ትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ለስፖርት ክፍለ ጊዜ አስሞክሬዋለሁ። የጨርቅ ኳስ፣ የዋንዛ ዱላ፣ ለቤዝ ደግሞ አፈር የሞላንባቸው የማዳበሪያ ጆንያዎች። አንድ ቀጭን ልጅ በአራት መጥፎ ውርወራ አንደኛ ቤዝ ሄደ። ሁለተኛውን ሰረቀ። ኳሱ ከካቸሩ፣ ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ ከሚቀበለው ልጅ፣ ኋላ ሲያመልጥ ሦስተኛው ላይ ደረሰ። ቀጣዩ ልጅ ወደ ላይ ሰቀላት፣ ተያዘች፣ ቀጭኑ ገባ። አንድ ነጥብ! ሂት የሚባል ነገር የለም። የወረወረው ልጅ «እኔ ምን አደረግሁ?» ብሎ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ኦሃዮ ዳንግላ

ሰላም ለሁላችሁ። ያንን ጨዋታ በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ፣ የአክስትህ ልጅ እውነቱን ነው።

ግንቦት ወር ነበር፣ በፈረንጆች ሜይ 15 ቀን 2022፣ ፒትስበርግ ከተማ። ሬድስ እንግዳ ነው። ወርዋሪው ሀንተር ግሪን የሚባል ልጅ፣ ያኔ 22 ዓመቱ፣ ገና የመጀመሪያ የውድድር ዘመኑ። ኳሱ እንደ ጥይት ነው። ፒትስበርጎች ሊነኩት አልቻሉም። የኛዎቹ ሬድሶችም ግን ነጥብ አላገቡም፣ 0 ለ 0። በነገራችን ላይ ችግሩ ሁሉ እዚህ ነው የሚጀምረው። ፒቸር ምንም ቢያምር ለቡድኑ ነጥብ አያመጣም።

ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ ነው፣ በእያንዳንዱ ሁለቱም ቡድን በተራ ይመታል፣ ሦስት አውት ሲሞላ ተራው ያልቃል። ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ ልጁ ደከመ። አንድ ሰው አውት ካደረገ በኋላ ሁለት ሰዎችን በዎክ አሳለፈ። 118 ኳስ ወርውሯል፣ አሰልጣኙ አወጣው። የተተካው አርት ዋረን መጀመሪያ ያገኘውን ሰው እሱም በዎክ ለቀቀ። ሦስቱም ቤዝ ሞላ። ቀጣዩ መቺ ኪብራየን ሄይስ ኳሱን መሬት ለመሬት ላካት። ተከላካዮቹ ሁለት ሰው ባንዴ አውት ቢያደርጉ ኢኒንጉ ያልቅ ነበር። አንዱን ሯጭ አደረጉ፣ ሄይስ ቀድሞ አንደኛ ቤዝ ረገጠ። በምቱ ሌላ ሯጭ አውት ስለሆነ ሂት አይባልለትም። በዚያ መሃል ከሦስተኛው ቤዝ የተነሳው ሰው ገባ። 1 ለ 0።

ዘጌ ልብ በል፣ እዚህ ውስጥ ኤረር የለም። የራስ መረብ ምናምን የለም። ሦስት ዎክና አንድ ደካማ ምት ብቻ።

ዘጌ፣ ባሕር ዳር

እሺ ጋሼ፣ ይሁን። ግን ሽንፈቱ የማን ነው? ልጁ ሲወጣ 0 ለ 0 ነበር ብለዋል። ነጥቡ የገባው በተተካው ሰው ጊዜ ነው።

ኦሃዮ ዳንግላ

የግሪን ነው። የገባው ሰው ቤዝ ላይ የቆመው በእሱ ዎክ ስለሆነ። ሕጉ የሚጠይቀው ተጋጣሚን ወደ መሪነት ያሸጋገረው ነጥብ በማን ኃላፊነት ላይ እንደነበረ ነው። ሰውየውን ቤዝ ላይ ያስቀመጠው ፒቸር፣ ወጥቶ ወንበር ላይ ቢቀመጥም፣ ዕዳው ይከተለዋል።

የሞጣ ልጅ

ገባሁበት። ይቺን ርዕስ ስጠብቃት ነው የኖርኩት!

ሲንሲናቲ በ2022 ያጣውን በ1964 በልቶታል። ኤፕሪል 23 ቀን 1964 ሂውስተን ላይ ነው። የሂውስተን ቡድን ያኔ ኮልት 45 ነበር የሚባለው፣ የዛሬው አስትሮስ። ፒቸሩ ኬን ጆንሰን። እስከ ስምንተኛው ኢኒንግ ሂት የለም፣ ነጥብም የለም። የሬድሱ ጆ ናክሶልም በበኩሉ ነጥብ አልሰጠም። ይሄ ናክሶል በ1944፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ገና በ15 ዓመቱ ትልቁ ሊግ ላይ የወረወረ ሰው ነው። ጉድ እኮ ነው።

ዘጠነኛው ገባ። አንድ አውት ከሆነ በኋላ ፒት ሮዝ መጣ። ሮዝ ዱላውን ዘርግቶ ኳሷን እግሩ ሥር ጣል አደረጋት። ጆንሰን ራሱ ሮጦ አነሳትና ወደ አንደኛ ቤዝ ሲወረውር ሳታት። ኤረር፣ የራሱ የጆንሰን። ሮዝ ሁለተኛ ቤዝ ደረሰ። ቀጣዩ መቺ የመታት ኳስ የጆንሰንን እግር መትታ ወደ ሦስተኛ ቤዝ ተከላካይ ነጠረች። መቺው አውት ሆነ፣ ሮዝ ግን ሦስተኛው ላይ ገባ። ሁለት አውት። አንድ ቀረው። ከዚያ ቫዳ ፒንሰን መሬት ለመሬት ወደ ሁለተኛ ቤዝ ላካት። እዚያ የቆመው ኔሊ ፎክስ ነው፣ ኋላ ላይ የቤዝቦል የክብር አዳራሽ የገባ፣ በእጁ የታወቀ ሰው። አመለጠችው። ሮዝ ገባ።

ሂውስተኖች በመጨረሻው ተራቸው ምንም አላመጡም። 1 ለ 0 አለቀ። ጆንሰን በትልቁ ሊግ ታሪክ ዘጠኝ ሙሉ ኢኒንግ ብቻውን ወርውሮ፣ ሂት ሳይሰጥ የተሸነፈ ብቸኛው ፒቸር ነው። እስከ ዛሬ ሁለተኛ አልተገኘም።

ደግሞ ያቺን ነጥብ ያገባው ማን እንደሆነ አያችሁ? በትልቁ ሊግ ታሪክ በሂት ብዛት አንደኛ የሆነው፣ 4,256 ሂት የመታው ሰው። ያን ቀን ግን አንድም አልመታም!

የጨሞጋ ልጅ፣ ደብረ ማርቆስ

ኧረ በስመአብ። አንቺ ሞጣ ላይ ቁጭ ብለሽ ይሄን ሁሉ ከየት አመጣሽው?

የሞጣ ልጅ

ሌሊት ኔትወርክ ጥሩ ነው 😄

ዘጌ፣ ባሕር ዳር

ቆይ ቆይ። ጆንሰን ላይ የኔ ምሳሌ ሠራ አይደል? ኤረር፣ ከዚያ ሌላ ኤረር። ተከላካዩ ነው የሸጠው። ታዲያ ለምን ሽንፈቱ በፒቸሩ ስም ይጻፋል? ይሄ ግፍ ነው።

የቡሬው መምህር

ግፉን የሚያካክስ ነገር አለ፣ ግማሽ ካሳ በለው። በኤረር ምክንያት የገባ ነጥብ «ያልተገባ ነጥብ» ተብሎ ተለይቶ ይያዛል። የፒቸሩ ብቃት የሚለካበት አማካይ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የጆንሰን አማካይ በዚያች ነጥብ አልተነካም። ድልና ሽንፈት የሚጻፍበት ዓምድ ግን ይሄን ልዩነት አያውቅም። ያልተገባም ይሁን የተገባ፣ መሪነቱን ያሳጣው ነጥብ በማን ኃላፊነት ላይ ነበር? ያ ብቻ ነው ጥያቄው።

እኔ በበኩሌ ለአንድ ሰው ድልና ሽንፈት መጻፉን ራሱ አልወደውም። ዘጠኝ ሰው የሚጫወተውን ጨዋታ ለአንዱ ማሸከም ነው። ፈረንጆቹም ራሳቸው ዛሬ ዛሬ ለዚያ ዓምድ የድሮውን ያህል ክብር አይሰጡትም።

ደግሞ ኤረር ነው ወይስ ሂት ብሎ የሚፈርድ አንድ ሰው አለ። ሜዳ ውስጥ አይደለም፣ ጋዜጠኞቹ ከሚቀመጡበት ሆኖ ይመዘግባል። ተከላካዩ በተለመደ ጥረት ሊይዛት ይችል ነበር ካለ ኤረር፣ አይችልም ካለ ሂት። ሽንፈቱ አይቀየርም፣ ኖ-ሂተሩ፣ ማለት ሂት ያልተመታበት ጨዋታ መባሉ፣ ግን በዚያ ሰው ብዕር ላይ ተንጠልጥሏል።

ኦሃዮ ዳንግላ

መምህር፣ ይሄን ካነሱማ አንዲ ሆኪንስን መዝለል አይቻልም። ከጆንሰን በላይ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው።

ጁላይ 1 ቀን 1990፣ ቺካጎ። ሆኪንስ የኒውዮርክ ያንኪስ ፒቸር ነው። ሰባት ኢኒንግ አለፈ፣ ሂት የለም። ስምንተኛው ላይ ሁለት አውት አደረገ። በሰላም ሊወጣ አንድ ሰው ቀርቶታል። ሳሚ ሶሳ መሬት ለመሬት መታ፣ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ያለው ተከላካይ አበላሸው፣ ኤረር። ሆኪንስ ተረበሸ መሰለኝ ሁለት ሰው በዎክ ለቀቀ። ቤዙ ሞላ። ሮቢን ቬንቹራ ወደ ግራ ሜዳ ከፍ አድርጎ ሰቀላት። ጂም ሌይሪትዝ ከሥሯ ቆሞ ጣላት። ሦስቱም ሰዎች ገቡ። ቀጣዩ ደግሞ ወደ ቀኝ ሜዳ ሰቀለ። ጄሲ ባርፊልድ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገባች፣ እሱም ጣለ። አራተኛው ነጥብ።

4 ለ 0! ሂት ዜሮ። ለአማካዩ የሚቆጠር ነጥብም ዜሮ። በስሙ የተጻፈው ሽንፈት ግን ሙሉ ነው። በቀጣዩ ጨዋታውስ? ከሚኒሶታ ጋር 11 ኢኒንግ ነጥብ ሳይሰጥ ወረወረና 12ኛው ላይ 2 ለ 0 ተሸነፈ። አንዳንድ ሰው ሲፈጠር ዕድሉ ሌላ ቦታ ነበር።

የጨሞጋ ልጅ፣ ደብረ ማርቆስ

ግን የሞጣ ልጅ ጆንሰን ብቸኛው ነው ብላለች። ሆኪንስም ብቻውን ነው የወረወረው። ማንን ልመን?

የሞጣ ልጅ

ሁለታችንንም። ሆኪንስ የወረወረው ስምንት ኢኒንግ ብቻ ነው።

ያንኪስ እንግዳ ነበር። በቤዝቦል እንግዳው ቀድሞ ይመታል፣ ባለሜዳው ኋላ። ዘጠነኛው ላይ እንግዳው መትቶ ሲጨርስ ባለሜዳው እየመራ ከሆነ የባለሜዳው ተራ አያስፈልግም፣ ጨዋታው እዚያው ያልቃል። ስለዚህ እየተመራ ያለው እንግዳ ፒቸር ዘጠነኛውን የሚወረውርበት ሰው የለም። ስምንት ላይ ይቆማል።

በ1991 ደግሞ ሊጉ ኮሚቴ አቋቁሞ ትርጉሙን አጠበቀ፦ ኖ-ሂተር ለመባል ቢያንስ ዘጠኝ ኢኒንግ ሄዶ ያለ ሂት ማለቅ አለበት። በዝናብ የተቋረጡ፣ ስምንት ላይ የቆሙ፣ በትርፍ ኢኒንግ ሂት የገባባቸው፣ 50 ያህል ጨዋታዎች ከመዝገብ ወጡ። የሆኪንስም ወጣ። ሲወረውር ኖ-ሂተር ነበር፣ በዓመቱ አይደለህም ተባለ።

አሁን የገረመኝን ልንገራችሁ። ከ1900 ወዲህ ሂት ሳይመቱ ያሸነፉ ቡድኖች ስድስት ናቸው። በ1964 እና በ1967 የተሸነፉት ባለሜዳ ነበሩ፣ ሁለቱም በመዝገብ ላይ አሉ። በ1990፣ በ1992፣ በ2008 እና በ2022 የተሸነፉት እንግዶች ነበሩ፣ አራቱም በመዝገብ የሉም። ከብቃት ጋር ምንም አይገናኝም። የወሰነው በማን ሜዳ ተጫወቱ የሚለው ነው።

ዘጌ፣ ባሕር ዳር

ስለዚህ እንግዳ ፒቸር በጭራሽ አይቻለውም? ባለሜዳው ዘጠነኛው መጨረሻ ላይ ቢያገባስ?

የሞጣ ልጅ

ባለሜዳው አሸናፊዋን ሲያገባ ጨዋታው እዚያው ይቆማል። ዘጠነኛው ላይ ከሆነ ሦስተኛው አውት አልተደረገም፣ ዘጠኝ ኢኒንግ አልሞላም። እንግዳ ፒቸር መዝገብ ላይ የሚገባው ዘጠኙን በእኩል ጨርሶ፣ በትርፍ ኢኒንግ ያለ ሂት ሲሸነፍ ነው። እንዲህ ያለ በትልቁ ሊግ ገና አልታየም።

የጨሞጋ ልጅ፣ ደብረ ማርቆስ

የ1967፣ የ1992፣ የ2008ስ?

ኦሃዮ ዳንግላ

ባጭሩ። በ1967 ባልቲሞር በዲትሮይት 2 ለ 1። ስቲቭ ባርበር 10 ሰው በዎክ ለቋል፣ አሥር! መጨረሻ ላይ ስቱ ሚለር ተተካ፣ ከዚያ ኤረር። ለባርበር ብዙ አላዝንም። በ1992 የቦስተኑ ማት ያንግ ክሊቭላንድ ላይ 2 ለ 1። ሰባት ዎክ ሰጥቷል፣ ኬኒ ሎፍተን የሚባል ፈጣን ሰው ደግሞ ቤዝ ሰረቀበት። በ2008 ኤንጅልስ በዶጀርስ 1 ለ 0፣ ጄሬድ ዊቨርና ሆሴ አሬዶንዶ ተካፍለው ወርውረውት።

ዘጌ፣ ቁጥሩን እይልኝ። ኤረር ብቻውን አይደለም የሚገድለው። ዎኩ ነው። ሂት አልሰጠሁም ብሎ አሥር ሰው ቤዝ ላይ ያቆመ ፒቸር ቤቱን ዘግቶ ቁልፉን በር ላይ የተወ ነው።

የቡሬው መምህር

አንድ ሰው ሳይነሳ ሊያልፍ ነው፤ ሃርቪ ሃዲክስ። እሱ በስድስቱ ውስጥ የለም፣ ግን ታሪኩ ከሁሉም ይከብዳል።

ሜይ 26 ቀን 1959፣ ሚልዋኪ። ሃዲክስ የፒትስበርግ ፒቸር። 36 ሰው በተከታታይ አውት አደረገ። ሂት የለም፣ ዎክ የለም፣ ኤረር የለም፣ ማንም አንደኛ ቤዝን አልረገጠም፣ ለ12 ኢኒንግ! በዘጠኝ ቢያልቅ ፍጹም ጨዋታ ነበር። ቡድኑ ግን ነጥብ አላገባለትም። በ13ኛው አንድ ኤረር መጣ። ቀጣዩ መቺ ራሱ አውት ሆኖ ሯጩን ወደ ሁለተኛ ቤዝ አሳለፈው። ሃንክ አሮንን ሆን ብለው በዎክ አሳለፉት። ጆ አድኮክ ከአጥር ማዶ ላካት። የቀደመው ሯጭ ገብቷል። አሮን ግን ጨዋታው አለቀ ብሎ ቤዙን ሳይዞር ወጣ፣ አድኮክ አለፈው፣ ስለዚህ ምቷ ከሆም ራን፣ መቺው ራሱ ዞሮ ከሚገባበት ምት፣ ወደ ደብል፣ ወደ ሁለት ቤዝ ምት፣ ወርዳ ውጤቱ 1 ለ 0 ሆነ።

የሚያስቀው የተጋጣሚው ፒቸር ሉ በርዴት ነው። 12 ሂት ተመትቶበት 13 ኢኒንግ ነጥብ ሳይሰጥ አሸነፈ። 12 የሰጠው አሸነፈ፣ 1 የሰጠው ተሸነፈ። የጨሞጋ ልጅ፣ ለጥያቄህ ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ሂት ሌላ ነገር ይቆጥራል፣ ነጥብ ሌላ።

የ1991ዱ ኮሚቴ ይሄንንም ሰረዘው፣ በ13ኛው ሂት ገብቶበታልና። እዚህ ላይ ኮሚቴውን አልቀበልም። የሆኪንስን ቢሰርዙ ይግባኛል፣ ዘጠኝ አልሞላም። 36 ሰው በተከታታይ ያስወጣን ሰው ግን በዘጠኝ ኢኒንግ 27 ካስወጣ ሰው አንሶ መመዝገብ ምን ማለት ነው?

ዘጌ፣ ባሕር ዳር

እኔ ደግሞ ከኮሚቴው ጋር ነኝ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጨዋታ የሚያልቀው ሲያልቅ ነው። ሂቱ ገብቷል። ለሃዲክስ ከራራን ለሌላውም እንራራ ይባላል፣ ከዚያ መዝገቡ መዝገብ አይሆንም።

የሞጣ ልጅ

እኔ መምህር ጋር ነኝ። 2 ለ 1 ዘጌ።

ዘጌ፣ ባሕር ዳር

ያለ ሂት ተሸነፍኩ ማለት ነው 😂

የጨሞጋ ልጅ፣ ደብረ ማርቆስ

አንድ ቀረኝ። የአክስቴ ልጅ መልሶ ሲደውል «አሁን በትርፍ ኢኒንግ ሰው ሁለተኛ ቤዝ ላይ በነፃ ያቆማሉ» አለኝ። ይሄስ እውነት ነው?

ኦሃዮ ዳንግላ

እውነት ነው። ከ2020 ጀምሮ፣ ጨዋታ እንዳይረዝም ብለው። በመደበኛው የውድድር ዘመን ብቻ ነው፣ በጥሎ ማለፉ የለም። ትርፍ ኢኒንግ ሲጀመር የሚመታው ቡድን ሁለተኛ ቤዝ ላይ አንድ ሰው ያቆማል።

የሞጣ ልጅ

እና ያ ሰው በሁለት አውት ይገባል። አንዱ መቺ ኳሷን እግሩ ሥር ጥሎ ወደ ሦስተኛ ያሻግረዋል፣ ሌላው ወደ ሰማይ ይሰቅላታል፣ አለቀ። ሂት የለም፣ ዎክ የለም፣ ኤረር የለም። ነጥቡ «ያልተገባ» ይባላል፣ ሽንፈቱ ግን በፒቸሩ ስም ነው። ዘጌ የጠየቅኸው እንግዳ ፒቸር መዝገብ ላይ የሚገባበት በር በዚህ ሕግ ሰፍቷል ባይ ነኝ።

የቡሬው መምህር

ይሄን ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር ልሞክረው ነው። በነፃ የሚቆመው ማን ይሁን በሚለው ከጨዋታው በፊት እንደሚጣሉ ከወዲሁ ይታየኛል።